በራዝቤሪ ፓይ ላይ ከአንድ በላይ ስርዓተ ክወና ማስነሳት

በራዝቤሪ ፓይ ላይ ከአንድ በላይ ስርዓተ ክወና ማስነሳት ማለት በአንድ ትንሽ ኮምፒዩተር ላይ ሁለት ወይም ከዚያ በላይ ስርዓተ ክወናዎችን ጎን ለጎን አስቀምጦ፣ ኮምፒዩተሩ በበራ ቁጥር የተፈለገው እንዲነሳ ማስነሻ ፕሮግራሙን (ቡትሎደሩን) ማዋቀር ነው። ለምሳሌ በአንድ የማስታወሻ ካርድ ላይ ራዝቤሪ ፓይ ኦኤስና ኡቡንቱን አብሮ መጫን፣ ወይም አንዱን ስርዓት ለዕለት ሥራ ሌላውን ለሙከራ መለየት ይቻላል።

በተለመደው የጠረጴዛ ኮምፒዩተር ላይ እንደ ግራብ ያለ ማስነሻ ፕሮግራም የስርዓተ ክወናዎችን ዝርዝር በስክሪን ላይ ያሳያል፤ ተጠቃሚውም በቀስት ቁልፎች ይመርጣል። ራዝቤሪ ፓይ እንዲህ ያለ የስርዓተ ክወናዎች ዝርዝር ከፋብሪካው ይዞ አይወጣም። ምርጫው የሚወሰነው በካርዱ ላይ ባሉ ጥቂት አጫጭር የጽሑፍ ፋይሎች ነው። በመሆኑም ሥራው በአብዛኛው የትኛው ፋይል በየትኛው ደረጃ እንደሚነበብ ከማወቅ፣ እንዲሁም አንዱ ስርዓት የሌላውን ማስነሻ ፋይሎች እንዳይነካ ከመለየት አያልፍም።

ከዚህ በታች የፋይሎችና የትዕዛዞች ስሞች በአነባበባቸው ተጽፈዋል፤ በኮምፒዩተሩ ላይ ሲጻፉ በላቲን ፊደል ነው።

ታሪክ

የመጀመሪያው ራዝቤሪ ፓይ እ.ኤ.አ. የካቲት 29 ቀን 2012 በእንግሊዝ አገር፣ ካምብሪጅ በሚገኘው የራዝቤሪ ፓይ ፋውንዴሽን አማካኝነት ለገበያ ቀረበ። ዓላማው ተማሪዎች ሳይፈሩ የሚነካኩትና የሚማሩበት ርካሽ ኮምፒዩተር ማዘጋጀት ነበር። መሣሪያው ሃርድ ዲስክ ስላልነበረው ስርዓተ ክወናው የሚቀመጠው በኤስዲ ካርድ ላይ ነበር። ስለዚህ ስርዓተ ክወና ለመቀየር ቀላሉ መንገድ ካርድ መቀየር ሆነ፤ ይህ ዘዴ እስከ ዛሬ ድረስ ይሠራል።

እ.ኤ.አ. በ2013 ፋውንዴሽኑ ኑብስ የተባለውን ለጀማሪዎች የተዘጋጀ መጫኛ አወጣ። ኑብስ ብዙ ስርዓተ ክወናዎችን በአንድ ካርድ ላይ ለመጫን ያስችል ነበር። ኮምፒዩተሩ ሲበራ የሺፍት ቁልፍን ተጭኖ በመያዝ መጫኛውን እንደገና መክፈትም ይቻል ነበር። እ.ኤ.አ. በ2020 ራዝቤሪ ፓይ ኢሜጀር የተባለው መጻፊያ ሲወጣ ኑብስ ቀስ በቀስ ቦታውን ለቀቀ። የኑብስን ሐሳብ ወስዶ ያሰፋው ፒን የተባለ መጫኛ ብዙ ስርዓቶችን በአንድ ካርድ ለሚፈልጉ ተጠቃሚዎች ያገለግላል።

ኮምፒዩተሩ እንዴት ይነሳል

በራዝቤሪ ፓይ ላይ መጀመሪያ ሥራ የሚጀምረው ዋናው የአርም ፕሮሰሰር አይደለም። በመጀመሪያዎቹ ሞዴሎች (ከፓይ 1 እስከ ፓይ 3) ቪዲዮኮር የተባለው የግራፊክስ ክፍል ቀድሞ ይነቃል፤ አርም ፕሮሰሰሩ እስኪጠራ ድረስ ተይዞ ይቆያል። ሂደቱ ባጭሩ እንዲህ ነው፦

1. በቺፑ ውስጥ በቋሚነት የተጻፈው ፕሮግራም (ሮም) በካርዱ ላይ ያለውን የመጀመሪያ የፋት ክፋይ ፈልጎ ቡትኮድ.ቢን የተባለውን ፋይል ያነባል።
2. ቡትኮድ.ቢን ማህደረ ትውስታውን አዘጋጅቶ ስታርት.ኢኤልኤፍ የተባለውን ፈርምዌር ይጭናል።
3. ፈርምዌሩ ኮንፊግ.ቲኤክስቲ የተባለውን የማዋቀሪያ ፋይል ያነባል። በዚህ ፋይል መሠረት ከርነሉን፣ የሃርድዌሩን ዝርዝር የያዘውን ፋይል (ዲቫይስ ትሪ) እና ሲኤምዲላይን.ቲኤክስቲ ውስጥ ያለውን የከርነል ትዕዛዝ መስመር ይወስዳል።
4. ሁሉም በማህደረ ትውስታ ውስጥ ቦታ ቦታውን ሲይዝ አርም ፕሮሰሰሩ ይለቀቃል፤ ከርነሉም ሥራ ይጀምራል።
5. ከርነሉ በትዕዛዝ መስመሩ ላይ የተጠቀሰውን ዋና ክፋይ (ሩት) ፈልጎ የቀረውን ስርዓተ ክወና ያስነሳል።

እ.ኤ.አ. በሰኔ 2019 የወጣው ፓይ 4 በዚህ ላይ አንድ ለውጥ አመጣ። የቡትኮድ.ቢን ሥራ ከካርዱ ወጥቶ በቦርዱ ላይ በተገጠመ አነስተኛ ቋሚ ማህደረ ትውስታ (ኢኢፕሮም) ውስጥ ገባ። እ.ኤ.አ. በ2023 በወጣው ፓይ 5 ደግሞ ፈርምዌሩ ጭምር እዚያው ስለገባ፣ በካርዱ ላይ የስታርት ፋይል መኖር አያስፈልገውም። ሆኖም ኮንፊግ.ቲኤክስቲ፣ ሲኤምዲላይን.ቲኤክስቲ እና ከርነሉ በሁሉም ሞዴሎች ከፋት ክፋይ ይነበባሉ። ስርዓተ ክወናዎችን ለመምረጥ የሚያስችሉት ዘዴዎች በአብዛኛው ከእነዚህ ደረጃዎች በአንዱ ላይ የሚገቡ ናቸው።

የካርዱ አከፋፈል

አንድ የሊነክስ ስርዓት በራዝቤሪ ፓይ ላይ ብዙውን ጊዜ ሁለት ክፋዮች ይፈልጋል። አንደኛው ማስነሻ ፋይሎቹን የሚይዝ አነስተኛ የፋት ክፋይ ሲሆን ሌላው ስርዓቱ ራሱ የሚቀመጥበት የኤክስት4 ክፋይ ነው። ኤምቢአር የተባለው የቆየው የክፋይ ሠንጠረዥ ደግሞ ከአራት በላይ ዋና ክፋዮችን አይፈቅድም። ሁለት ስርዓቶች አራቱንም ስለሚጨርሱ ለመምረጫ ፋይሉ የተለየ ክፋይ ለመጨመር ቦታ አይኖርም። መፍትሔው ከአራቱ አንዱን «የተራዘመ ክፋይ» አድርጎ በውስጡ ንዑስ ክፋዮችን መፍጠር ነው። የንዑስ ክፋዮች ቁጥር ከ5 ይጀምራል።

ለምሳሌ 32 ጊጋባይት ካርድ ላይ ራዝቤሪ ፓይ ኦኤስንና ኡቡንቱን ለማስቀመጥ የሚከተለው አከፋፈል ይሠራል፦

ክፋይ 1 — አነስተኛ ፋት፤ የመምረጫው ፋይል ብቻ የሚቀመጥበት
ክፋይ 2 — ፋት፣ 512 ሜጋባይት፤ የራዝቤሪ ፓይ ኦኤስ ማስነሻ
ክፋይ 3 — ፋት፣ 512 ሜጋባይት፤ የኡቡንቱ ማስነሻ
ክፋይ 4 — የተራዘመ ክፋይ
ክፋይ 5 — ኤክስት4፣ 12 ጊጋባይት፤ የራዝቤሪ ፓይ ኦኤስ ዋና ክፋይ
ክፋይ 6 — ኤክስት4፣ የቀረው ቦታ፤ የኡቡንቱ ዋና ክፋይ

በፓይ 3 እና ከዚያ በፊት በወጡ ሞዴሎች ሮሙ ቡትኮድ.ቢንን የሚፈልገው በመጀመሪያው የፋት ክፋይ ላይ ስለሆነ ያ ፋይል ክፋይ 1 ውስጥም መኖር አለበት።

ስርዓቶቹ በቀጥታ በዚህ ካርድ ላይ አይጫኑም። የራዝቤሪ ፓይ ኦኤስ ምስል መጀመሪያ ሲነሳ ዋና ክፋዩን እስከ ካርዱ መጨረሻ ድረስ ይዘረጋል፤ የካርዱን መለያ ቁጥርም ይቀይራል። ስለዚህ እያንዳንዱን ስርዓት በተለየ ካርድ ላይ አንድ ጊዜ አስነስቶ፣ ከዚያ ይዘቱን ወደ ተዘጋጁት ክፋዮች መቅዳት ይመረጣል። የፋት ክፋይን እንደ ተራ ፎልደር መቅዳት ይበቃል። የኤክስት4 ክፋይ ግን የፋይሎችን ባለቤትነትና ፈቃድ ጠብቆ በሚቀዳ መሣሪያ (ለምሳሌ በአርሲንክ) በአስተዳዳሪ ሥልጣን መቀዳት አለበት።

ከቅጂ በኋላ የሚስተካከሉ ሁለት ፋይሎች

ቅጂው ሲያልቅ እያንዳንዱ ስርዓት አሁንም የድሮ ቦታውን ነው የሚያውቀው። አዲሱ ቦታ በሁለት ፋይሎች ላይ መጻፍ አለበት።

የመጀመሪያው በማስነሻ ክፋዩ ላይ ያለው ሲኤምዲላይን.ቲኤክስቲ ነው። በውስጡ «ሩት=» ከሚለው ቀጥሎ የዋናው ክፋይ መለያ ይገኛል። ራዝቤሪ ፓይ ኦኤስ ለዚህ ፓርትዩዩአይዲ የተባለውን መለያ ይጠቀማል። በኤምቢአር ካርድ ላይ ይህ መለያ የካርዱ ስምንት አሃዝ ፊርማና ከሰረዝ በኋላ የሚመጣ ባለሁለት አሃዝ የክፋይ ቁጥር ነው። ስለዚህ ስርዓቱ ከክፋይ 2 ወደ ክፋይ 5 ሲዛወር መጨረሻው ከ02 ወደ 05 ይቀየራል፤ የፊት ስምንቱ አሃዞችም የአዲሱ ካርድ ይሆናሉ። ኡቡንቱ በአንጻሩ ክፋዩን በተለጠፈበት ስም (ሌብል) ይፈልጋል። በዚህ ምክንያት ሁለት የኡቡንቱ ቅጂዎች በአንድ ካርድ ላይ ሲቀመጡ ስማቸው ይጋጫል፤ የአንደኛው ስም በክፋዩም በፋይሎቹም ላይ መቀየር አለበት።

ሁለተኛው በዋናው ክፋይ ውስጥ ያለው ኤፍስታብ ነው። ይህ ፋይል ስርዓቱ ከተነሳ በኋላ የትኛው ክፋይ የት እንደሚያያዝ ይናገራል። ብዙ ጊዜ የሚረሳውም እዚህ ላይ ያለው የማስነሻ ክፋይ መስመር ነው። መስመሩ የተሳሳተ ክፋይ ቢጠቁምም ስርዓቱ በደንብ ሊነሳ ይችላል፤ ስህተቱ ወዲያው አይታይም። ከሳምንታት በኋላ የከርነል ማሻሻያ ሲመጣ ግን አዲሱ ከርነል የሚጻፈው በሌላው ስርዓት ማስነሻ ክፋይ ላይ ይሆናል። ያን ጊዜ አንደኛው ስርዓት በአሮጌ ከርነል ይቀራል፤ ሌላው ደግሞ ሞጁሎቹን በማያገኝ ባዕድ ከርነል ይነሳል፤ ኔትወርክና ድምፅ ሊጠፉበትም ይችላሉ።

ይህን ለመከላከል እያንዳንዱን ስርዓት አስነስቶ ፋይንድማውንት በሚለው ትዕዛዝ የማስነሻ ፎልደሩ ከየትኛው ክፋይ እንደመጣ ማየት ይበቃል። ፎልደሩ በኡቡንቱና ከ2023 ወዲህ በወጡት የራዝቤሪ ፓይ ኦኤስ ዕትሞች «/ቡት/ፈርምዌር»፣ በቀደሙት የራዝቤሪ ፓይ ኦኤስ ዕትሞች ደግሞ «/ቡት» ነው።

የመምረጫ ዘዴዎች

የመሣሪያ ቅደም ተከተል

በፓይ 4 እና በፓይ 5 ላይ ኢኢፕሮሙ ቡት_ኦርደር የተባለ ቅንብር አለው። እያንዳንዱ አሃዝ አንድ የማስነሻ መሣሪያን ይወክላል፦ 1 ኤስዲ ካርድ፣ 2 ኔትወርክ፣ 4 ዩኤስቢ፣ 6 ኤንቪኤምኢ ዲስክ ሲሆን ኤፍ «እንደገና ከመጀመሪያው ጀምር» ማለት ነው። ቁጥሩ የሚነበበው ከቀኝ ወደ ግራ ነው። ስለዚህ ኤፍ41 ሲባል መጀመሪያ ካርዱ፣ ከዚያ ዩኤስቢ ይሞከራል፤ ሁለቱም ካልተገኙ ሂደቱ ይደገማል።

በዚህ መንገድ አንዱን ስርዓት በካርድ፣ ሌላውን በዩኤስቢ ዲስክ ላይ ማስቀመጥ ይቻላል። ካርዱ ሲገባ የካርዱ ስርዓት፣ ሲወጣ የዲስኩ ስርዓት ይነሳል። ስርዓቶቹ ምንም የሚጋሩት ፋይል ስለሌለ ከሁሉም ዘዴዎች አስተማማኙ ይህ ነው። ቅደም ተከተሉ ከራስፒ-ኮንፊግ ማዘዣ ውስጥ ሊቀየር ይችላል።

ኦቶቡት

በአንድ ካርድ ላይ ላሉ ስርዓቶች ቀላሉ ዘዴ ኦቶቡት.ቲኤክስቲ የተባለው ፋይል ነው። በመጀመሪያው ክፋይ ላይ ይቀመጣል፤ ከ512 ባይት መብለጥ የለበትም። ከላይ ባለው ምሳሌ ይዘቱ አንድ መስመር ብቻ ሊሆን ይችላል፦

ቡት_ፓርቲሽን=2

ማስነሻ ፕሮግራሙ ይህን አንብቦ ወደ ክፋይ 2 ይሄድና የዚያን ክፋይ ኮንፊግ.ቲኤክስቲ ይከፍታል። ቁጥሩ ወደ 3 ሲቀየር በሚቀጥለው ጊዜ ኡቡንቱ ይነሳል። ፋይሉ በፋት ክፋይ ላይ ስለሆነ በማንኛውም ኮምፒዩተር ላይ በተራ የጽሑፍ ማረሚያ ሊስተካከል ይችላል።

ፋይሉን ሳይነኩ ለአንድ ጊዜ ብቻ ሌላ ስርዓት ለማስነሳትም መንገድ አለ። ከሪቡት ትዕዛዝ ቀጥሎ የክፋዩን ቁጥር መጻፍ ነው። «ሱዶ ሪቡት 3» ሲባል ኮምፒዩተሩ ጠፍቶ ከክፋይ 3 ይነሳል። በትዕዛዙ የተሰጠው ቁጥር በኦቶቡት ከተጻፈው ይቀድማል።

ኦኤስ_ፕሪፊክስ

ይህ ቅንብር በኮንፊግ.ቲኤክስቲ ውስጥ ይጻፋል። በአንድ የፋት ክፋይ ላይ ለእያንዳንዱ ስርዓት የተለየ ፎልደር ተከፍቶ ከርነሉ፣ የዲቫይስ ትሪ ፋይሉና ሲኤምዲላይን.ቲኤክስቲ እዚያ ይቀመጣሉ። ቅንብሩ የፎልደሩን ስም ከነማዘንበያ መስመሩ ይይዛል። በፎልደሩ ውስጥ የሚጠበቁት ከርነልና የዲቫይስ ትሪ ፋይል ከሌሉ ፈርምዌሩ ቅንብሩን እንዳልተጻፈ ይቆጥረዋል። ዘዴው ቦታ ይቆጥባል፤ ነገር ግን ሁለቱ ስርዓቶች አንድ ክፋይ ስለሚጋሩ ማሻሻያ ሲመጣ ፋይሎች በተሳሳተ ፎልደር ሊጻፉ ይችላሉ። አንድን ስርዓት በሁለት የተለያዩ ከርነሎች ለመሞከር ግን የተመቸ ነው።

በቁልፍ መምረጥ

ኮንፊግ.ቲኤክስቲ በቅንፍ ውስጥ የሚጻፉ ማጣሪያዎችን ይቀበላል። ከማጣሪያው በታች ያሉት መስመሮች የሚሠሩት ሁኔታው ሲሟላ ብቻ ነው። ማጣሪያው የኮምፒዩተሩ ሞዴል፣ የቦርዱ መለያ ቁጥር ወይም የአንድ የጂፒአይኦ እግር ሁኔታ ሊሆን ይችላል። ጂፒአይኦ 4 ሲበራ በተፈጥሮው ወደ 1 የተሳበ ነው። በዚህ እግርና በግራውንድ መካከል አንድ መጫኛ ቁልፍ ቢገጠም ቁልፉ ሲጫን 0 ይሆናል፦

ኦኤስ_ፕሪፊክስ=አንድ/
[ጂፒአይኦ4=0]
ኦኤስ_ፕሪፊክስ=ሁለት/
[ኦል]

እዚህ ላይ ቁልፉ ሳይነካ ከበራ የመጀመሪያው ፎልደር፣ ተጭኖ ከበራ ሁለተኛው ይመረጣል። ስክሪንና ኪቦርድ ለሌላቸው መሣሪያዎች ይህ በጣም ይጠቅማል። መጨረሻ ላይ ያለው «[ኦል]» ማጣሪያውን ይዘጋል፤ ከተረሳ ከሱ በታች የሚጻፍ ሁሉ የሚሠራው ቁልፉ ሲጫን ብቻ ይሆናል።

ትራይቡት

ትራይቡት አዲስ ስርዓትን ለአንድ ጊዜ ለመሞከር የተዘጋጀ ነው። ኮምፒዩተሩ በዚህ ሁኔታ እንዲነሳ ሲታዘዝ ከኮንፊግ.ቲኤክስቲ ይልቅ ትራይቡት.ቲኤክስቲን ያነባል። ምልክቱ ለአንድ አነሳስ ብቻ ስለሚያገለግል አዲሱ ስርዓት ካልሠራ ኮምፒዩተሩን አጥፍቶ ማብራት ወደ ነባሩ ይመልሰዋል። በኦቶቡት.ቲኤክስቲ ውስጥም «[ትራይቡት]» የሚል ክፍል ተጨምሮ ሌላ የክፋይ ቁጥር ሊሰጠው ይችላል። ርቀው የተተከሉና በቀላሉ የማይደረስባቸውን መሣሪያዎች በኔትወርክ ለማሻሻል የሚመረጠው ይህ ዘዴ ነው።

በስክሪን ላይ ዝርዝር የሚያሳዩ ፕሮግራሞች

ኑብስና ፒን በመጀመሪያው ክፋይ ላይ የሚነሳ የራሳቸው ትንሽ የሊነክስ ስርዓት አላቸው። ተጠቃሚው ከዝርዝሩ ሲመርጥ የተመረጠው የክፋይ ቁጥር ይያዝና ኮምፒዩተሩ ዳግም ይነሳል። ኑብስ ክፋይ 1ን ለራሱ፣ 2ን ለተራዘመው ክፋይ፣ 5ን ለቅንብሮች ይይዛል፤ ስርዓተ ክወናዎቹ የሚጀምሩት ከክፋይ 6 ነው።

ሌላው መንገድ ፈርምዌሩ በከርነል ፈንታ ሁለተኛ ማስነሻ ፕሮግራም እንዲጭን ማድረግ ነው። ዩ-ቡት እንደዚህ ያለ ፕሮግራም ነው። ፌዶራ በራዝቤሪ ፓይ ላይ መጀመሪያ ዩ-ቡትን፣ ከዚያ ግራብን ያስነሳል፤ በዚህም በጠረጴዛ ኮምፒዩተር ላይ የሚታየው ዓይነት ዝርዝር ይገኛል። ጉዳቱ በመካከል የሚገባው እያንዳንዱ ደረጃ የሚበላሽ አንድ ተጨማሪ ነገር መሆኑ ነው።

የሚያጋጥሙ ችግሮች

ኮምፒዩተሩ ሳይነሳ ሲቀር የት እንደቆመ ከምልክቶቹ መለየት ይቻላል። አረንጓዴው መብራት በተከታታይ እየተቆጠረ ብልጭ ይላል፦

4 ጊዜ — የስታርት ፋይል አልተገኘም
7 ጊዜ — ከርነል አልተገኘም
8 ጊዜ — ማህደረ ትውስታው አልሠራም

4 ብልጭታ ብዙ ጊዜ በኦቶቡት ላይ የተሳሳተ የክፋይ ቁጥር መጻፉን ያሳያል። 7 ብልጭታ ደግሞ በኮንፊግ.ቲኤክስቲ ላይ የከርነሉ ስም መሳሳቱን ወይም ፋይሉ አለመቀዳቱን ይጠቁማል። ስክሪኑ ባለብዙ ቀለሙን ካሬ አሳይቶ ከቆመ ፈርምዌሩ ተነስቷል፣ ከርነሉ ግን ሥራ አልጀመረም ማለት ነው። ከርነሉ ጽሑፍ ማሳየት ጀምሮ ዋናውን ክፋይ እየጠበቀ ከቀረ ስህተቱ በሲኤምዲላይን.ቲኤክስቲ ላይ ያለው መለያ ነው። ይህ ፋይል በአንድ መስመር ብቻ መጻፍ ስላለበት በመሃሉ መስመር መስበርም ተመሳሳይ ችግር ያመጣል።

ተጠቃሚዎች የግል ፎልደራቸውን (ሆም) ለሁለቱም ስርዓቶች የጋራ ማድረግ ይፈልጋሉ። ነገር ግን ሁለት የተለያዩ ዕትሞች ያላቸው ፕሮግራሞች በአንድ የቅንብር ፋይል ላይ ሲጽፉ አንዱ የሌላውን ያበላሻል። ለሰነዶችና ለፎቶዎች ብቻ የጋራ ክፋይ መክፈት ከዚህ ይሻላል።

ሊመለሱ የሚችሉና የማይችሉ ለውጦች

በካርዱ ላይ የሚደረግ የማስነሻ ስህተት ኮምፒዩተሩን አያበላሸውም። ሮሙ በቺፑ ውስጥ ስለሆነ ሊጠፋ አይችልም፤ ካርዱን አውጥቶ በሌላ ኮምፒዩተር ላይ ማስተካከል ይቻላል። የፓይ 4 ወይም የፓይ 5 ኢኢፕሮም ቢበላሽ እንኳ፣ ለምሳሌ በማሻሻያ መሃል መብራት ቢጠፋ፣ ሮሙ ከካርድ ላይ ሪከቨሪ.ቢን የተባለውን ፋይል አንብቦ ኢኢፕሮሙን እንደገና ሊያስጽፍ ይችላል። የማገገሚያ ካርዱ በኢሜጀር ይዘጋጃል፤ ሥራው ሲሳካ አረንጓዴው መብራት በፍጥነት ብልጭ ድርግም ይላል፣ ስክሪኑም ሙሉ በሙሉ አረንጓዴ ይሆናል።

ከዚህ የሚለየው ፓይ 3 ሞዴል ቢን ከዩኤስቢ ለማስነሳት የሚደረገው ቅንብር ነው። ይህ ቅንብር አንድ ጊዜ ብቻ በሚጻፍ የቺፑ ክፍል ላይ ስለሚቀመጥ ከተጻፈ በኋላ አይሰረዝም። ኮምፒዩተሩ ከኤስዲ ካርድ መነሳቱን አያቆምም፤ ለውጡ ግን በዚያ ቦርድ ላይ ለዘለቄታው ይቀራል።

ካርዱን እንደገና ሲከፋፍሉ የሚጠፉ ሰነዶች ደግሞ እንደ ማስነሻ ፋይል ከኢንተርኔት ወርደው የሚተኩ አይደሉም። ስለዚህ የመጀመሪያው ክፋይ ከመቆረጡ በፊት የካርዱ ሙሉ ቅጂ በሌላ ማከማቻ ላይ ይያዛል።